አሚከብል የሚባል ቃል

የጋሼ እንድሪስ ሱቅ የነበረችው ቤት ዛሬ የስልክ መጠገኛ ሆናለች። ባለፈው ወር የተሰነጠቀ ስክሪን ላሠራ ገባሁና በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ጥቁር አዝሙድ ሸተተኝ። መደርደሪያው የለም፣ ጆንያው የለም፣ ግድግዳው ነጭ ተቀብቶ የስልክ ሽፋን ተሰቅሎበታል። ሽታው ግን ከወለሉ ሣንቃ ሥር እንደ ድሮው ይወጣል፤ ጥቁር አዝሙድ፣ ትንሽ ኮረሪማ፣ ትንሽ አዲስ ካርቶን።

ጠጋኙ በእኔ ዕድሜ ያለ ልጅ ነው። አፍንጫዬን አየና ሳቀ።

«ብሮ፣ አንተም ሸተተህ? ብሊች አድርጌዋለሁ፣ ሻምፑ አድርጌዋለሁ፣ አይለቅም። ሶ፣ ትቼዋለሁ።»

«አይልቀቅ» አልኩት።

ስልኬን እስኪፈታ ጥጉ ላይ ተቀመጥኩ። ያኔ እዚያ ጥግ የሽሮ ጆንያ ነበር፤ እኔም የምቀመጠው ጆንያው ላይ ነበር። ያን በጋ ከነዝርዝሩ ማስታወስ የጀመርኩት እዚያ ቁጭ ብዬ ነው።

አራተኛ ክፍልን ጨርሼ ትምህርት ቤት ተዘግቷል። እናቴ ዌስትውድ አንዲት አሮጊት ትንከባከባለች። አባቴ ዌስትቼስተር ካለ ሆቴል ኤርፖርት ድረስ መንገደኛ የሚያመላልስ የሻትል ሾፌር ነው። ቤት የሚጠብቀኝ ሰው ስላልነበረ አባቴ ጠዋት ጠዋት ሱቁ ያለበት ፌርፋክስ መንገድ ላይ አውርዶኝ ይሄዳል፤ ቀኑን ጋሼ እንድሪስ ዘንድ እውላለሁ።

ጋሼ እንድሪስ ደሴ ለብዙ ዓመት እንግሊዝኛ አስተምረው፣ ልጃቸው አምጥታቸው ሎስ አንጀለስ የገቡ የወሎ ሰው ናቸው። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ነጠላና የስልክ ቻርጀር ይሸጣሉ። የእናቴን አባት ከደሴ ያውቋቸዋል፤ አንድ ሰፈር ነበሩ። ሱቃቸው የሚገባ ሐበሻ መጀመሪያ የሚጠየቀው ምን ልስጥህ ተብሎ አይደለም። «የማን ልጅ ነህ?» ነው የሚባለው። መልሱ ደሴ፣ ካልሆነም ኮምቦልቻ ድረስ ካላደረሳቸው ሚዛኑን አይነኩትም።

ቃልንም የሚጠይቁት እንደዚሁ ነበር። ከባንኮኒው ሥር ጀርባው በፕላስተር የተጠገነ ወፍራም የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አላቸው። ገበያ ሲቀዘቅዝ ያወጡታል።

«አባትህ የት ነው የሚሠራው?»

«ሆቴል።»

«ሆቴል የማን ልጅ ነው?»

«አላውቅም።»

«እይ እንግዲህ። ሆቴልና ሆስፒታል የአንድ እናት ልጆች ናቸው። እናታቸው ላቲን ቤት እንግዳ ተቀባይ ነበረች። አንዱ ልጅ ጤነኛውን እንግዳ ወሰደ፣ ሌላው የታመመውን።»

ላቲን ከደሴ ማዶ ያለ አገር መስሎኝ ነበር። ብዙ ቃል የሚበቅልበት፣ ዝናብ የማያጣ አገር።

«አንተ ላቲን ሄደህ ታውቃለህ?» አልኳቸው። ያኔ አንቱ ማለት አልችልበትም።

«ቪዛ ከለከሉኝ» አሉ፣ መዝገቡን እየዘጉ።

ሐምሌ ሲገባ አንድ ነገር ተጀመረ። እናቴ ከሥራ መልስ ልትወስደኝ ሱቁ ስትገባ ሴቶቹ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ። ከወትሮው አጥብቀው ይስሟታል፤ ስመው ጉንጯን ቶሎ አይለቁትም። አባቴ ቤት ውስጥ ያለችውን የዋይፋይ ሣጥን ነቀለና «ተበላሽታለች» አለ። አልተበላሸችም፤ አረንጓዴ መብራቷ እየበራ ሲነቅላት አይቻለሁ። እናቴ ደሴ አያቴ ዘንድ በስልክ ካርድ ደጋግማ ደወለች፤ የሚያነሳ ጠፋ።

«ወሎ ኔትወርክ የለም አሉ» አላት አባቴ፣ መስኮቱን እያየ።

«አዎ፣ የለም አሉ» አሉ ጋሼ እንድሪስ፣ ሚዛናቸውን እያዩ።

አያቴን የማውቀው በስልክ ነው። ስልኩን በጣም ስለሚያስጠጉት ከግንባራቸው ሌላ አይታየኝም ነበር። ሦስት አግድም መስመር ያለው ግንባር፤ ሲስቁ አራት ይሆናል። አያትህን ሣል ብባል እሱን ነበር የምሥለው። እናቴ ለገና ልትወስደኝና ከግንባሩ በታች ያለውን ልታሳየኝ ቃል ገብታልኝ ነበር።

ሹክሹክታው፣ የተነቀለው ሣጥን፣ ስትገባ ዝም የሚለው ሰው፤ ሁሉንም ደምሬ ምን እንደሆነ ደረስኩበት። በዚያ ዓመት የክፍሌ ልጅ ቤት እንዲሁ ሲደረግ አይቻለሁ። ሰርፕራይዝ ፓርቲ ነው። የእናቴ ልደት ደግሞ ነሐሴ ነው።

አንድ ጠዋት መኪና ውስጥ አባቴን «አውቄያለሁ» አልኩት።

መሪውን እንደያዘ ደረቀ። «ምኑን?»

«ከእማዬ የደበቃችሁትን። አልናገርም፣ ፕሮሚስ።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆኖም ዝም ብሎ አየኝ። ከኋላ ጥሩምባ ሲነፋብን ራሴን ዳሰሰኝ። «ጎበዝ» አለ። «እስከ እሁድ ብቻ ቻል።»

ቻልኩ። እንዲያውም አገዝኩት። እናቴ ስልኳን ስታነሳ ውሃ ጠማኝ፣ እግሬን አመመኝ እላታለሁ። ሐሙስ የነርስ ረዳት ፈተናዋን ተፈተነች። ቅዳሜ የጓደኛዋ ሰርግ ነበር።

ሰርጉ ላይ እናቴ ጥልፍ ያለው ነጭ ቀሚስ ለብሳ፣ ረዣዥም ወርቃማ ጉትቻ አድርጋ መሐል ገባች። እንደዚያ ስትጨፍር አይቼ አላውቅም፤ ትከሻዋ ከሌላው ሰውነቷ የተለየ ነፍስ ያለው ይመስል ነበር። አባቴ ግድግዳ ተደግፎ፣ ያልነካውን ሳህን እንደያዘ ያያታል። እኔ ኬክ አጠገብ ነበርኩ።

ከዚያ እትዬ ዘነበች የሚሏቸው ሴት ዘግይተው ገቡ። የደሴ ሰው ናቸው፤ ልብሳቸው ጥቁር ነው። ሰዉን እየከፈሉ መጡና እናቴን ከነጭፈራዋ አቀፏት።

«ስንድዬ፣ እንዴት ያለሽ ብርቱ ነሽ! ኀዘንሽን ውጠሽ ለሰው ደስታ መምጣትሽ። አባትሽን ነፍሳቸውን ይማርልሽ።»

የእናቴ እጅ አየር ላይ ቀረ። ዘፈኑ አልቆመም። ሰዉ ዙሪያዋን መጨፈሩን አልተወም። እኔ ሰርፕራይዙን አበላሹት ብዬ በሴትዮዋ ተናድጃለሁ። እናቴ የቀኝ ጉትቻዋን ፈታች፣ ቀጥላ የግራውን፤ መዳፌ ላይ አስቀመጠችና ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፈቻቸው። ራቅ ብሎ ወደ ቆመው አባቴ አየች። ወደ እሱ አልሄደችም። እጄን ይዛ ወጣች።

መኪና ውስጥ ሞተሩን ሳታስነሳ «አንተም ታውቅ ነበር?» አለችኝ።

«አዎ» አልኩ ኮራ ብዬ። «ግን አልተናገርኩም። የልደትሽ ፓርቲ እኮ ነው።»

ወደ ደረቷ ሳበችኝና አያትህ ሞተዋል አለችኝ፣ በእንግሊዝኛ። በአማርኛ አላለችውም። አላለቀሰችም።

በማግስቱ እሁድ ሽማግሌዎቹ፣ ቀድሞ በተቆረጠው ቀን፣ ሊያረዷት መጡ። በሩን አልከፈተችም። «ዘገያችሁ» አለች ከውስጥ። ሰኞ የሥራ ልብሷን ለብሳ ዌስትውድ ሄደች። ፍራሽ አልተነጠፈም፣ ለቅሶ አልተቀመጠም፣ ከል አልለበሰችም። በወጉ የነገራት ሰው አልነበረምና ያልተነገራት ሰው ሆና ኖረች። አባቴንም ማናገር አቆመች።

ኩርፊያ እንዲህ ነው የሚሠራው። አባቴ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ እናቴ እጇን ብትዘረጋ ትነካዋለች። ወደ እኔ ዞራ «አባትህን፣ ምሳህ ኦቨን ውስጥ ነው በለው» ትለኛለች።

መጀመሪያ ቀን የአባቴ ጆሮ የተበላሸ መስሎኝ ጮክ ብዬ ነበር የነገርኩት። ቀስ በቀስ ግን ሥራዬ እንደሆነ ገባኝ። ሥራዬን ደግሞ በጥንቃቄ ነበር የምሠራው። ቃል አልጨምርም፣ ቃል አልቀንስም። እናቴ በመሐል በረጅሙ ከተነፈሰች እኔም እተነፍሳለሁ። በምላሷ ‹ጭ› ካለች እኔም ‹ጭ› እላለሁ። አባቴ «እሺ በላት» ካለ በኋላ ጭንቅላቱን ከነቀነቀ፣ እሺውን ከነመነቅነቁ አደርሳለሁ።

እኔ በሌለሁበት ለዕቃ ይነግሩ ነበር። አንድ ማለዳ አልጋዬ ላይ ሆኜ አባቴ «ስማ አንተ ፍሪጅ፣ ዛሬ መኪናዋን ለሰርቪስ እወስዳታለሁ» ሲል ሰማሁት። እናቴ ወጥ እያማሰለች «አንቺ ድስት፣ ዘይቷንም ቀይርልኝ በይው» አለች። ፍሪጁ የሚመልሰውን ለመስማት ትንፋሼን ይዤ ጠበቅሁ።

ነገሩን ለጋሼ እንድሪስ ስነግራቸው እጃቸውን አገጫቸው ላይ አደረጉ።

«እስቲ ትናንት ያደረስከውን ንገረኝ።»

ከነትንፋሹ፣ ከነምላሱ ነገርኳቸው።

«አንተ ልጅ፣ ወሬ ሲያደርሱ ትንሽ ያራግፉታል እንጂ! ከነአቧራው ነው እንዴ የምታስገባው?»

«ሳላጎድል ነው የምነግራቸው።»

«እሱስ አላጎደልክም» አሉ።

እናቴ እሳቸውንም አኩርፋለች። ልትወስደኝ ስትመጣ ሱቅ አትገባም፤ በሩ ላይ ፊቷን ወደ መንገዱ አድርጋ ትቆማለች።

«ስንዱ፣ ግቢ እንጂ ልጄ።»

«ደህና ነኝ ጋሼ። ያሬድን ይጥሩልኝ።»

አንቱ ማለቷን አልተወችም። ከስድብ የባሰው እሱ ነበር።

አባቴ አንድ ቀን ሽምግልና ሲለምናቸው ሰማሁ። ሁለት እጃቸውን ባንኮኒው ላይ ዘርግተው «እኔ ምን ሽማግሌ ነኝ ተፈራ፣ ተከሳሽ ነኝ እንጂ» አሉት። «ሰርጉ እስኪያልፍ ዝም በል ያልኩህ እኔው። ታውቃለች። ምን አፍ አለኝ?» ሌላ ሽማግሌ ይፈለግ እንዳይባል፣ የሰፈሩ ሽማግሌ ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ሁሉም ዝም ብሎ ነበር።

ቃሉን የሰማሁት በነሐሴ ነው። እናቴ ኩሽና ውስጥ ስልኳን በትከሻዋ ይዛ ሽንኩርት እየከተፈች ከጓደኛዋ ጋር ታወራለች።

«ሎየሯን አናገርኳት። አሚከብል ከሆነ ቶሎ ያልቃል አለችኝ። እኔም አሚከብል እንዲሆን ነው የምፈልገው። ለልጁ ስል።»

ለልጁ ያለችው እኔን ነው። የሚሰጠኝ ነገር ስሙ አሚከብል እንደሆነ ያዝኩ። ጠዋት እንዳይጠፋብኝ መንገዱን ሙሉ እያልኩት ሄድኩ፤ ሱቁ ስገባ ሰላምታ እንኳ አላስቀደምኩም።

«ጋሼ፣ አሚከብል የማን ልጅ ነው?»

እንደዚያ ደስ ብሏቸው አይቼ አላውቅም። እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው መዝገቡን አወጡ፤ መነጽራቸውን አድርገው በጣታቸው ወረዱ።

«አሃ፣ የትልቅ ቤት ልጅ ነው! ላቲን ቤት አሚኩስ የሚባል አለ፤ ወዳጅ ማለት ነው። የአሚኩስ ዘር ሲቆጠር አማሬ ላይ ይደርሳል፤ መውደድ። አየህ፣ እነሱም እንደኛው ናቸው። እኛስ ወዳጅን ያወጣነው ከወደደ አይደለም?»

«አሚከብል ወዳጅ ማለት ነው?»

«ቆይ፣ አትቸኩል። ከአሚኩስ አንድ ልጅ ተወለደና በሁለት መንገድ እንግሊዝ አገር ገባ። አንደኛው በፈረንሳይ በኩል ዞረ። በገበያው፣ በሰው አፍ ሲንከባለል መሐል ያለች ድምፅ ጣለና አሚየብል ሆኖ ደረሰ። ሁለተኛው ቆይቶ ከመጽሐፍ በቀጥታ መጣ፤ ምንም አልጎደለበትም። የአንተው አሚከብል እሱ ነው።»

«ልዩነታቸው ምንድን ነው?»

«አሚየብል ለሰው ይባላል። ፊቱ የማይከብድ፣ ቢጠጉት የማይገፋ ሰው። አሚከብል ግን ለሰው አይባልም። በሰውና በሰው መሐል ላለ ጉዳይ ነው። ሳይጣሉ፣ እንደ ወዳጅ ሆነው የጨረሱት ጉዳይ።» ገጾቹን ወደፊት ገለበጡ። «ይሄን ደግሞ እይልኝ። ኤነሚ፣ ጠላት። የማን ልጅ ይመስልሃል? የአሚኩስ! ከፊቱ ‹አይደለም› የምትል ቁራጭ ቀጠሉበት፤ ወዳጅ ያልሆነ። ጠላት ተብሎ እንኳ የአባቱ ስም አልለቀቀውም።»

ቀና ብለው ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ።

«ከየት አገኘኸው?»

«እማዬ ናት። ለጓደኛዋ በስልክ። ሎየሯ አሚከብል ከሆነ ቶሎ ያልቃል አለችኝ፣ እኔም አሚከብል እንዲሆን ነው የምፈልገው፣ ለልጁ ስል አለች።»

ጣታቸው ገጹ ውስጥ እንዳለ መዝገቡን ዘጉት።

«ጥሩ ነው አይደል?» አልኩ።

መነጽራቸውን አወለቁ፤ ጠረጉት፤ መልሰው ሳያደርጉት ቀሩ።

«ቃሉስ ጥሩ ነው» አሉ።

የቀረውን ቀን ጥቁር አዝሙድ ይመዝናሉ፣ መልሰው ጆንያው ውስጥ ይገለብጡታል። «ለአባትህ እኔ እነግረዋለሁ፣ አንተ እንዳትናገር» ብለውኝ ነበር። እኔ ግን ታላቅ ዜና ይዤ እንዴት ልቻል? የአባቴ መኪና በሩ ላይ ስትቆም ጋሼ ከባንኮኒው ወጥተው ሳይደርሱብኝ መስኮቷ ላይ ነበርኩ።

«አባ! እማዬ አሚከብል እንዲሆን ነው የምፈልገው አለች! ሎየሯም አሚከብል ከሆነ ቶሎ ያልቃል ብላታለች። የወዳጅ ማለት ነው። አያቱ መውደድ ነው!»

አባቴ ፈገግ ሊል ጀምሮ ነበር። ፈገግታው ከአፉ ጫፍ ሳይርቅ ቆመ።

«ሎየር?»

«ሎየሯ።»

«ቶሎ ያልቃል አለቻት?»

«አሚከብል ከሆነ።»

መኪናዋን አጠፋት። ማቆም የተከለከለበት ቦታ ላይ፣ አውቶቡስ ከኋላው ጥሩምባ እየነፋ፣ በሩን ክፍት ትቶ ወደ ሱቁ ገባ። ጋሼ እንድሪስ ወጥተው በሩን ዘጉና አውቶቡሱን በእጃቸው ይቅርታ ጠይቀው ተመለሱ።

«ትፈታኛለች፣ ጋሼ።»

መፍታት ለእኔ የጫማ ክር ነው። አባቴ የት ጋ እንደታሰረ ላይ ብዬ አየሁት። ፊቱን ሳይ ግን እስከዚያች ሰዓት ያደረስኩት መልእክት ሁሉ ምን እንደነበር ገባኝ። ቤታችን ሊከፈል ነው። አንደኛው ዌስትውድ፣ አንደኛው ዌስትቼስተር፣ እኔ የትኛው ጋ?

«ምን አጠፋሁ?» ይላል አባቴ። «አባቷ የሞቱባትን ሴት ሥራ ቦታ ደውዬ ሞቱ ልበላት? አሮጊቷን ትታ ብትወድቅስ? ሰው ተሰብስቦ፣ ሴቶች በግራ በቀኝ ይዘዋት ትስማ አልኩ። ደንቡ አይደለም? ፈተናዋ ይለፍ ያልኩት እኔ ነኝ። ሰርጉ ይለፍ ያሉት ግን እርስዎ ነዎት!»

«እኔ ነኝ። መች ካድኩ።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

ጋሼ እንድሪስ ሚዛኑን ወደ ጎን ገፉት። በዝግታ ተናገሩ።

«ለቅሶዋን ቀምተናታል፣ ተፈራ። ሰው ሁሉ አባቱ ሲሞት ጎህ ሲቀድ በሩ ይንኳኳለታል። እሷ በከበሮ መሐል ሰማች። ሰማች እንጂ ማን አረዳት? ማንም። የተቀማ ነገር ደግሞ ይመለሳል።»

«እንዴት ይመለሳል? አወቀችኮ!»

«እንዳላወቀች አድርገን ነው የምንሄደው። ነገ ሲነጋጋ። አንተ ራስህ ትነግራታለህ፤ እኔ አይደለሁም።»

«ብታባርረንስ?»

«ታባርረን። ተባረንም ቢሆን ሄደናል። አብሽር።»

በማግስቱ በር ሲንኳኳ ነቃሁ። መስኮቱ ገና ግራጫ ነው። አባቴ የሚተኛበት ሶፋ ባዶ ነው፤ ብርድ ልብሱ ታጥፎ ትራሱ ላይ ተቀምጧል። እናቴ የሥራ ልብሷን ለብሳ ፀጉሯን ታስራለች።

«ያሬድ፣ ማነው በል።»

በበሩ ቀዳዳ አየሁ። «አባ ነው። ቁልፉ ጠፍቶበት ነው።»

ከፈትኩ። አባቴ ሙሉ ጥቁር ልብስ ለብሷል። ከኋላው ጋሼ እንድሪስ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ከእሳቸው ኋላ የነጠላቸውን ጥለት ወደ ላይ ገልብጠው የለበሱ ሴቶች፤ እትዬ ዘነበችም አሉበት። ሰላምታ የለም። ሰላም ሳይሉ ቤት ሲገቡ ጋሼ እንድሪስን ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

እናቴ የፀጉር ማሲያዣዋን በጥርሷ እንደያዘች አየቻቸው። አወጣችውና ለእኔ ነገረችኝ፦ «ሺፍት አለኝ በላቸው።»

«ሺፍት አላት» አልኳቸው።

«ተቀመጪ፣ ስንዱ» አሉ ጋሼ።

«ጋሼ፣ አውቄያለሁ እኮ። አሁን ምን ልትነግሩኝ ነው?»

«ተቀመጪ ልጄ።»

ድምፃቸው ትእዛዝም ልመናም ነበረበት። የሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሴቶቹ በግራ በቀኟ ገቡ፤ እትዬ ዘነበች እጇን ያዙ። አባቴ ፊት ለፊቷ ተንበረከከ። እኔ መሐላቸው እንደተለመደው ቆሜያለሁ፤ እሱ ግን አላየኝም። ከሰርጉ ወዲህ ጠርቶት የማያውቀውን ስሟን ጠራ።

«ስንዱ። አባትሽ አርፈዋል።»

ፍሪጁ ያጉረመርማል። አውቃለሁ ትለዋለች ብዬ ጠበቅሁ።

«ጠዋት ወደ ሱቃቸው ሲወጡ ደጃፋቸው ላይ ወደቁ። አልተሰቃዩም። ወንድምሽ ነው የቀበራቸው። እኔ አውቄ ደብቄሻለሁ። አባታችን አርፈዋል፣ ስንዱ።»

ከእናቴ ሆድ፣ ከእግሯ፣ ከማላውቀው ቦታ «አባዬ!» የሚል ድምፅ ወጣ። ሴቶቹ ደረቷን እንዳትመታ እጆቿን ያዙ፤ አብረዋት ጮኹ። አባቴ ግንባሩን ጉልበቷ ላይ ደፋ። ጋሼ እንድሪስ ቆመው፣ እጃቸውን ወደ ላይ ከፍተው፣ ጢማቸው በእንባ ራሰ። ፎቅ ላይ ያለው ጎረቤት ወለሉን ሲደበድብ ተሰማ።

አባቴ ቀና አለ። «ጋሼ፣ ፖሊስ ቢጠሩብንስ?»

«ይምጡ» አሉ ጋሼ እንድሪስ። «ለቅሶ ይድረሱ።»

ከሴቶቹ አንዷ በለቅሶዋ መሐል ሳቀች፤ እናቴም፣ እምላለሁ፣ አንዴ ሳቅ አምልጧት መልሳ ማልቀስ ቀጠለች።

ፖሊስ አልመጣም። የመጣችው ከጎን ያለችው ጎረቤታችን፣ ክሬንሾው ሰፈር ያደገች ጥቁር አሜሪካዊት ባልቴት ናት። የቤት ጋውን ለብሳ፣ ፀጉሯን ሻሽ አስራ በሩ ላይ ቆመች። ምን ሆናችሁ አለችኝ። የእማዬ አባት ሞቱ አልኳት። መቼ አለችኝ። ያለፈው ወር፣ ግን ዛሬ ነው አልኳት። ሌላ አልጠየቀችም። ጫማዋን በሩ ላይ አውልቃ ገባችና ከሴቶቹ ጫፍ ተቀመጠች።

ፀሐይ ስትወጣ ፍራሹ ወለል ላይ ተነጥፎ ነበር። ጩኸቱ ወደ ሲቃ፣ ሲቃው ወደ ዝምታ ወረደ። እናቴ በነጠላ ጫፍ ፊቷን ጠረገች። ዐይኖቿ አብጠው ነበር፤ ፊቷ ግን ከሰርጉ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የእሷን ፊት መሰለ።

«መቼ ነው የሰማኸው?» አለች።

ወደ አባቴ ዞርኩ። አፌን ከፍቼ «መቼ ነው» ማለት ጀምሬያለሁ።

«ማክሰኞ» አለ አባቴ። እኔን አልጠበቀም። «መንገደኞች አውርጄ ፓርክ አድርጌ ነበር። ወንድምሽ ደወለ።»

«አለቀሰ?»

ዞርኩ።

«መናገር አቃተው። ስምሽን ብቻ ነበር የሚጠራው።»

«አንተስ?»

«እኔ ሻትሉ ውስጥ በሩን ቆልፌ...»

አንገቴ ከወዲያ ወዲህ ሲል ቆይቶ ደከመኝ። ጥያቄው ያልቃል ስል ሌላ ይመጣል፤ ምን ለብሰው ነበር፣ ማን ገነዛቸው፣ ዝናብ ነበር ወይ። አባቴ የሚያውቀውን ሁሉ አንድም ሳያስቀር ይነግራታል፤ የማያውቀውን አላውቅም ይላታል። እሷ ታለቅሳለች፣ ትጠይቃለች። «ለአሮጊቷ ልጅ ደውልልኝ፣ ዛሬ አልመጣም በልልኝ» አለችው በመሐል፤ ስልኳን እጁ ላይ አስቀመጠችለት። የሎየሯ ነገር ከዚያ ቀን በኋላ ቤታችን ሲነሳ አልሰማሁም፤ እኔ ደግሞ የማልሰማው ነገር አልነበረም።

ራበኝ። በሰዉ እግር መሐል ተሽሎክልኬ ኩሽና ገባሁ። ሲሪያል ቀዳሁ፣ ወተት ጨመርኩበት፣ ጠረጴዛው ላይ ብቻዬን ተቀመጥኩ። የሁለቱም ድምፅ ከሳሎን ይሰማኛል፤ አንዱ ሲያቆም ሌላው ይቀጥላል። ሳህኑን ጨርሼ ሌላ እስክቀዳ ድረስ ማንም አልጠራኝም።